ለሩፊኖ የሚፈርም

ታንዲል፣ ግንቦት 4 ቀን 1986

ለተከበሩ ዶን ኦስማር
ማር ዴል ፕላታ

ጤናዎ እንዴት ነው? የእኔን እንኳ አይጠይቁ፤ በሬ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈለት ብለው እንዳይጨነቁ፤ የጻፍኩት እኔው ሴሌዶኒዮ ነኝ፣ በገዛ እጄ። አጠገቤ ያለው ውሻዬ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና አልተማረም።

እስከዚህ ድረስ «እርስዎ» ብዬ መጣሁ። ከዚህ ወዲያ ግን አንተ ልበልህ። በ«እርስዎ» ሁሉም ቃል ይረዝማል፤ የእኔ እጅ ደግሞ መሮ እንጂ እርሳስ ገና አልለመደም።

አድራሻህን የሰጠኝ ሩፊኖ ነው። እኔና ሩፊኖ እዚህ አንድ ካባ ላይ ድንጋይ እንጠርባለን። ከሰባት ዓመታችን ጀምሮ አብረን ነን። አንተም ወታደር ቤት አንድ ክፍል ከእሱ ጋር ተኝተሃል አሉ። አሥራ አራት ወር። አሥራ አራት ወር ጥሩ ነው፤ ብዙ አይደለም እንጂ ጥሩ ነው። የእኔ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ዓይኑ ውስጥ የገባ የድንጋይ ፍንጣሪ በምላሴ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አንተ በምላስህ ምን አውጥተህለታል? ለጨዋታ ነው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሩፊኖ ነሐሴ 16 ኔሊዳን ያገባል። ከዚያ በፊት የወንደላጤ ስንብት አለ። ሩፊኖ ትከሻዬን ያዘና «ሴሌ፣ የስንብቱ አለቃ አንተ ነህ፤ ካንተ ሌላ የሚያውቅበት የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ያላዘጋጀሁት ስንብት ለቅሶ ነው። አምና ጋልቫንን የሙሽራ ቀሚስ አልብሰን፣ በዱቄትና በእንቁላል ለውሰን፣ ጋሪ ላይ አስረን ከተማውን ሦስት ጊዜ አዞርነው። የገዛ እናቱ አላወቀችውም፤ ሳንቲም ሰጠችው።

የሩፊኖ ምኞት ግን ካዚኖ ነው። «ሳላገባ አንድ ቀን ሩሌት የሚሏት የቁማር መንኮራኩር ስትሽከረከር ልያት» አለ። እኛ ደግሞ ኪሳችንን ብታራግፈው የሚወጣው የድንጋይ አቧራ ነው። ስለዚህ አንተ የካዚኖው ከተማ ሰው ነህና ርካሽ አልጋ ፈልግልን። ከዚህ አምስት ነን፤ ሩፊኖ፣ እኔ፣ ጋልቫንና ሁለት የካባ ልጆች። አንተ ስድስተኛ ነህ። መጓጓዣ አታስብ፤ ለወደቡ ድንጋይ በሚጭነው መኪና ላይ፣ ከድንጋዩ ጋር እንመጣለን። ምግብም ከዚህ እንጭናለን። ዓርብ ሐምሌ 11 ደርሰን እሑድ እንመለሳለን።

አንድ ምስጢር ልንገርህ፤ የምነግርህ ሩቅ ስለሆንክ ነው። በክብር መዝገብ ቤት ከሙሽራው ወገን አንድ ምስክር፣ ከሙሽራዋ ወገን አንድ ምስክር እንደሚፈርም ታውቃለህ። ሩፊኖ ስለ ምስክሩ እስካሁን አላነሳም፤ ግን ማን ሊሆን እንደሚችል ዕውርም ያየዋል። እሱ የሚያስበው እኔ እንደ ልማዴ አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ እንደምነክር ነው። እኔ ግን ከአምና ነሐሴ ጀምሮ የማታ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ማንም አያውቅም። ሩፊኖ «ማታ ማታ የት ነው የምትጠፋው?» ሲለኝ ባሏ የሞተባት ሴት ይዣለሁ እለዋለሁ። ሴትዮዋ ሴኞሪታ ኤርሚንዳ ናት፤ አስተማሪዬ፤ ስትቆጣ ጠመኔ ትወረውራለች። እንግዲህ ሹሙ «ምስክሩ ይፈርሙ» ሲል ብዕሩን አነሳና ሙሉ ስሜን ከነአባቴ፣ ከሥሩ ጅራት ያለው ፊርማ፣ ቁጭ! ሩፊኖ ሙሽራዋን ትቶ እኔን ነው የሚያቅፈው።

ለማንም እንዳትናገር። መልስህን በትልልቅ ፊደል ጻፍልኝ።

ሴሌዶኒዮ


ማር ዴል ፕላታ፣ ግንቦት 16 ቀን 1986

ለተከበሩ ዶን ሴሌዶኒዮ

ደብዳቤዎ በደህና ደርሶኛል። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የዓሣው ወቅት ስለሆነ የፋብሪካው ጽሕፈት ቤት ፋታ አልሰጠኝም። እንዳዘዙኝ በትልልቅ ፊደል ጽፌያለሁ።

አልጋ ተገኝቷል። የሠራተኛ ማኅበራችን ከባሕሩ አራት መንገድ ወደ ውስጥ ሆቴል አለው። በክረምት ባዶ ስለሚሆን ለአባል እንግዶች ከዋጋው ግማሽ በታች ይሰጣሉ። ሦስት ሦስት ሆነን በሁለት ክፍል እናድራለን። ማሞቂያ አለው ይላሉ፤ ብርድ ልብስ ግን ይዛችሁ ኑ።

አንድ ችግር አለ። ካዚኖው ኮትና ከረባት ያልለበሰ ሰው አያስገባም። በሩ ላይ የሚቆመው ሰውዬ ለማንም አይራራም። እኔ ሁለት ኮት አለኝ፤ አንደኛው ግራጫ፣ ሁለተኛው ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ቡናማ። ሁለቱንም እሰጣለሁ። ከረባትም ሦስት አለኝ።

ምስጢርዎን ለማንም አልናገርም። ስለ ምስክርነቱ ግን እኔ የምለው የለኝም። እሱን ሩፊኖ ራሱ ቢነግርዎ ይሻላል።

መማርዎ በጣም አስደስቶኛል።

አክባሪዎ
ኦስማር


ታንዲል፣ ሰኔ 1 ቀን 1986

ዶን ኦስማር ሆይ፣

ሁለተኛው ደብዳቤህም ማክሰኞ ደረሰኝ። አጭር ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለትርጉሙ፣ አንዴ ለልምምድ።

«ሩፊኖ ስለ ምስክርነቱ አነጋግሮዎታል ወይ?» ትለኛለህ። አላነጋገረኝም አልኩህ እኮ! ምን ያነጋግረኛል? ሰው እጁን «እጄ ትሆነኛለህ ወይ» ብሎ ይጠይቃል? አንተ ደግሞ የጽሕፈት ቤት ሰው ስለሆንክ ሁሉ ነገር ማመልከቻ የሚገባበት ይመስልሃል። አትቀየም።

ኮቱን በተመለከተ ግን ብልሃት አግኝቻለሁ፤ ስነግርህ ኮፍያህን ታነሳልኛለህ። ስድስት ሰው፣ ሦስት ኮት። ሁለቱ ያንተ፣ ሦስተኛው የጋልቫን አጎት ኮት፤ ሰውዬው አሁን አያስፈልገውም፣ አፈር ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሦስት ሰው ለብሶ ይገባል። ሦስቱ ውጭ የባሕሩ ዳር አግዳሚ ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው ይጠብቃሉ። የገቡት ይዘው የገቡትን ትንሽ ገንዘብ ሲበሉ ይወጣሉ፤ ኮቱን ያወልቃሉ፤ ሌሎቹ ለብሰው ይገባሉ። በሩ ላይ ያለው ሰውዬ ኮት እንጂ ፊት አይቆጥርም። ጋልቫን ይህን ስነግረው «ሴሌ፣ አንተ እኮ ሚኒስትር መሆን ነበረብህ» አለኝ። «ደመወዙ አይበቃኝም» አልኩት።

ሳይመሽ፣ ከቀትር በኋላ ነው የምንገባው። ሩፊኖ ከካዚኖው ሲወጣ ደግሞ ልጆቹ ከኋላ መጥተው የዱቄት ጆንያ ራሱ ላይ ያጠልቁበታል። ከዚያ እንቁላል። ከዚያ ከባሕሩ ዳር የብረት አጥር ጋር ማሰር። ይህ ከተጓደለ ሰውዬው ወንደላጤ ሆኖ ይቀራል። ጥቅልል ብሎ ብርድ ልብስ የለበሰ ሰው ሁሉ አንድ ስለሚመስል፣ ሩፊኖን ለመለየት «ቡናማውን ኮት የለበሰውን ያዙ» ብያቸዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሩፊኖ ቤት ግድግዳው ላይ ፎቶህ አለ። የወታደር ልብስ ለብሰህ፣ ጆሮህ ወጥቶ። የእኔ ፎቶ የለም። እኔን በየቀኑ ያየኛል፣ ፎቶዬ ምን ይሠራለታል ብዬ አልፌዋለሁ። ግን ትናንት ካባው ላይ የማቴ ሻያችንን ስንጠጣ «ኦስማር እኮ አልጋውን ሲያነጥፍ አንሶላው ላይ ሳንቲም ብትጥል ትነጥራለች» አለ። ለአራተኛ ጊዜ ነው የሚነግረኝ። እኔ ሣር ላይ ነው የምተኛው አልኩት። ምን አድርገህለት ነው ግን እንዲህ የሚያነሳህ? በእውነት ነው የምጠይቅህ። የመንገድ ድንጋይ በቀን ሁለት መቶ የምጠርብ ሰው ነኝ፤ አንተ በእግርህ የምትሄድበት መንገድ ምናልባት የእኔ እጅ ነው። ስለ አንሶላ ግን ምንም አላውቅም።

ሴሌዶኒዮ


ታንዲል፣ ሰኔ 15 ቀን 1986

ኦስማር፣

ዛሬ ስለ ጤናህ አልጠይቅም።

ሩፊኖ ከምድጃው በላይ የብስኩት ቆርቆሮ አለው። አንተ የላክህለትን ደብዳቤ ሁሉ እዚያ ያስቀምጣል። ለዓመታት እያወጣ ለእኛ ሲያነብልን ኖሯል፤ እኛም እንስቃለን። ትላንት ሥጋ ልንጠብስ ቤቱ ነበርኩ። እሱ እንጨት ሊያመጣ ወጣ። ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ግን አስበው፤ ያ ቆርቆሮ ለእኔ ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ነበር። አሁን ይናገራል። አንተ ብትሆን አትከፍተውም?

ከላይ የነበረው የመጋቢት ደብዳቤህ ነው። ከመጋቢት ወዲህ ደብዳቤ የላክህለት አይመስለኝም፤ ለእኔ ስትጽፍ ለእሱ አልቆብህ ይሆናል። እንዲህ ይላል፤ በቃሌ ይዤዋለሁ፦

«ምስክርህ ሆኜ መፈረሜ ኩራቴ ነው። ያ በጣቱ የሚፈርመው ጓደኛህ ቅር እንዳይለው የስንብቱን ዝግጅት ለእሱ መስጠትህ ጥሩ ዘዴ ነው። ሥራ ሲይዝ ይጽናናል።»

«ይጽናናል» የሚለው ቃል አስቸግሮኝ ነበር። ይ። ጽ። ና። ና። ል። ሁለቱ «ና» ተከታትለው ሲመጡ ሴኞሪታ ኤርሚንዳ ያላስተማረችኝ መስሎኝ ደገምኩት። ሦስተኛው ላይ ገባኝ። ሩፊኖ እንጨቱን ታቅፎ ሲገባ ቆርቆሮው ቦታው ላይ ነበር።

«ምን ሆነህ ነው ፊትህ?» አለኝ።

«ጭስ ነው» አልኩት።

«እሳቱ ገና አልተያያዘም እኮ።»

«የሚያያዘው ጭስ ነው» አልኩት። ሳቀ። ሁልጊዜ ይስቅልኛል፤ እሱ ላይ ችግር የለም።

ይህን ደብዳቤ የጻፍከው እኔ የመጀመሪያውን ከመጻፌ በፊት እንደሆነ ቀኑን አይቻለሁ፤ ቀን ማንበብም ተምሬያለሁ። ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ጽፈህልኛል። «መማርዎ በጣም አስደስቶኛል» ብለሃል። ስለ ማሞቂያው ነግረኸኛል። ስለ ከረባት ነግረኸኛል። እኔ እንደ ሞኝ ፊርማዬ ጅራት እንዳለው ሳወራልህ አንተ ቦታው ላይ ተቀምጠህ ታነባለህ።

እንግዲህ ይህን ስማኝ። ለሩፊኖ መጻፍ እንደምችል እንዳትነግረው። ብትነግረው ምስክርነቱን እንደ ኮት ካንተ ላይ አውልቆ ለእኔ ይደርብልኛል። እኔ የሰው ሙቀት ያለበት ቦታ አልፈልግም። እኔ የምፈልገው ምንም ሳያውቅ፣ ጣቴን እንዳለ ይዞ፣ እኔን እንዲጠይቀኝ ነበር። አይሆንም አትበለኝ፤ አለመሆኑን አሁን አይቻለሁ።

ስንብቱ እንደታቀደው ይሆናል። አለቃው እኔ ነኝ። እየተጽናናሁ ነው።

ሴሌዶኒዮ


ማር ዴል ፕላታ፣ ሰኔ 24 ቀን 1986

ዶን ሴሌዶኒዮ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ጽሕፈት ቤት ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ወረቀት ስቀድ የመጀመሪያዬ ነው።

ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሰበብ የለኝም። ያኔ ለእኔ እርስዎ አንድ አውራ ጣት ነበሩ። የመጀመሪያው ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ እህቴ ዴልያ «ምን ሆንክ?» ብላ ጠየቀችኝ። ወዲያው ለእርስዎ መንገር ነበረብኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ ስለ ማሞቂያ ጻፍኩ።

ሩፊኖ እርስዎን ነበር የፈለገው። የማይፈርም ሰው ምስክር አይሆንም፣ ምን ላድርግ ብሎ ነው የጻፈልኝ። የነገረኝ ይህን ነው። እንግዲህ ይንገሩት። እኔ ቦታውን እለቃለሁ፤ ከልቤ ነው የምለው። ካልፈለጉ ግን አፌን እዘጋለሁ፤ በዚህ ቃል ገብቼልዎታለሁ።

ስለ ፎቶው ጠይቀውኝ አልመለስኩም። እኔ ለሩፊኖ ምንም አላደረግሁለትም። ወታደር ቤት ሳለን በየማታው ስለ እርስዎ ያወራ ነበር። ሴሌ እንዲህ አለ፣ ሴሌ እንዲህ ሠራ። እኔም ያን ጊዜ እንዲህ የሚያወራልኝ ሰው አልነበረኝም። ከዓይኑ ፍንጣሪ በምላስዎ ማውጣትዎን፣ ቀልድዎን ሁሉ ሳላይዎ አውቅ ነበር። እንግዲህ ቅናት የእርስዎ ብቻ አይደለም።

አልጋው ተይዟል። ኮቶቹን አስቦርሻለሁ።

ኦስማር


ታንዲል፣ ሐምሌ 15 ቀን 1986

ኦስማር፣

እጅህ እንዴት ሆነ? ጀሶው ስንት ሳምንት ነው አሉ? በግራ እጅ መብላት ይቻላል፤ የእኔ አጎት ስልሳ ዓመት በልቷል።

እሑድ ደህና ገባን። ሹፌሩ ስለ ሽታችን አምርሮ ተናገረ። እንቁላሉ ሦስታችን ላይ ደርቆ ነበር።

ስለ ተደረገው ነገር ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሰው ስህተት ነው። ልጆቹ «ቡናማውን ኮት የለበሰውን» ተብለዋል፤ ቡናማው ኮት ደግሞ በተራ ሲቀያየር አንተ ላይ ውሏል። እኔ የነደፍኩት ብልሃት በራሱ ብልጠት ወደቀ ማለት ነው። ነፋሱም ነበር። አንተና ሩፊኖ ደግሞ በቁመት እኩል ናችሁ፤ ጆንያ ከጠለቀ በኋላ ማን ማንን ያውቃል? አንተም ጆንያው ውስጥ ሆነህ «እኔ አይደለሁም! እኔ አይደለሁም!» ስትል ጋልቫን «ሙሽራ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እንቁላሉ ደረጃው ላይ መፍሰሱን ያየ አልነበረም። ወደ አሸዋው የሚወርደው ደረጃ ስድስት ነው፤ እኔ ኋላ ቆጥሬዋለሁ።

ሩፊኖ ሩሌቷን አያት። ከአደጋው በፊት ስለሆነ ደስ ይበልህ። «እንደዚያች ዓይነት ነገር ለሰዓታት ስትዞር አይቼ እስቃለሁ እንጂ ገንዘቤን አልሰጣትም» ብሎ አምስት ጊዜ ብቻ ተጫውቶ ወጣ። ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ግን ከእኔ ርቆ ቆመ። ስንመለስም መኪናው ላይ ድንጋይ በመካከላችን ያለ ይመስል ወዲያ ማዶ ነው የተቀመጠው፤ ባዶ መኪና ላይ፣ ድንጋይ እንኳ ሳይኖር።

ትላንት ካባው ላይ ነው የተናገረኝ። «ኦስማር ነሐሴ 16 ጀሶ ላይ ነው» አለኝ። «በቀኝ እጁ አይፈርምም። በግራው ቢሞክር ዶሮ የጫረችው ይመስላል። አሁን እንግዲህ ከሁለቱ ጓደኞቼ አንዱም መፈረም የማይችል ሆነ።»

እዚህ ላይ አፌን ከፍቼ ነበር። ትንኝ ገባችብኝና ዘጋሁት።

ኮቱ ስህተት ነው። ደግሜ እልሃለሁ፤ ስህተት ነው።

ሴሌዶኒዮ


ማር ዴል ፕላታ፣ ሐምሌ 24 ቀን 1986

ሴሌዶኒዮ፣

ይህን የምትጽፍልኝ እህቴ ዴልያ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ የማትስማማበትም ቦታ ላይ ብዕሩን ታስቀምጣለች። እስካሁን ሁለት ጊዜ አስቀምጣለች።

ስህተት አይደለም። ግራጫውን ለብሼ ነበር የወጣሁት። አንተ መጥተህ «ነፋሱ በርትቷል፣ ይሄኛው ይሞቃል» ብለህ ቡናማውን ራስህ ደረብክልኝ። ቁልፉንም እስከ ላይ ቆለፍክልኝ። ከእናቴ ወዲህ ቁልፍ የቆለፈልኝ ሰው አልነበረም። ወንድማማች ልንሆን ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ጆንያው ወረደ።

ለሩፊኖ አልነገርኩትም። ራስህ ንገረው።

አሁን ስለ ፊርማው ስማ። ሩፊኖ ሌላ ሰው ፈልግ አለኝ፤ ከማኅበሩ ጸሐፊዎች አንዱን ላክልኝ ብሎ። ከዚያ በፊት ግን እዚህ ክብር መዝገብ ቤት ሄጄ ሹሙን ጠየቅኩት። ሰውዬው መጽሐፍ አውጥቶ አሳየኝ። መፈረም የማይችል ሰው ምስክር መሆን ይችላል። ጣቱን ያሳርፋል፤ እሱ የጠየቀው ሌላ ሰው ደግሞ «በእገሌ ጥያቄ» ተብሎ ከሥሩ በራሱ ስም ይፈርምለታል። ይህ ድሮም የነበረ ሕግ ነው። አንተም በጣትህ ምስክር መሆን ትችል ነበር። ሩፊኖ ግን መዝገብ ቤት ሄዶ አልጠየቀም። ገምቶ ነው።

ስለዚህ እኔ ምስክር ሆኜ እቀርባለሁ፤ የግራ አውራ ጣቴን አሳርፋለሁ። በእኔ ጥያቄ የሚፈርምልኝ ሰው እፈልጋለሁ። አንተን እጠይቅሃለሁ።

ይቅርታ እንዳይመስልህ። ዴልያ ሞኝ ነህ ብላኛለች፤ ይህንንም ጻፊው ብያታለሁ። እጄን የሰበርከው አንተ ነህ፤ እጅ የምታመጣልኝም አንተ ነህ።

ኦስማር (በዴልያ እጅ)


ታንዲል፣ ነሐሴ 5 ቀን 1986

ለኦስማር፣ ለእህትህም ለዴልያ፣

ዴልያ፣ የእጅ ጽሕፈትሽ ከወንድምሽ ይበልጣል። ብዕሩን ያስቀመጥሽበትን ሁለቱንም ቦታ አይቼዋለሁ፤ ቀለሙ ጠብታ ጥሏል። ልክ ነበርሽ።

ኦስማር፣ ኮቱን የደረብኩልህ እኔ ነኝ። አውቄ ነው። ስቆልፍልህ ቀና ብለህ «አመሰግናለሁ ሴሌ» አልከኝ፤ ያኔ መተው እችል ነበር። ቁልፉ አራት ነው። አራቱንም ቆለፍኩ። መውደቅህን ግን አላሰብኩም። አጥር ላይ ታስረህ፣ ዱቄት ሆነህ፣ ሩፊኖ ሲስቅብህ ማየት ነበር የፈለግሁት። አንድ ቀን እንኳ በእኔ ሳይሆን ባንተ ሲስቅ።

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ በማግስቱ ለሩፊኖ ነገርኩት። በአፌ አልሆነልኝም። ሁለት ጊዜ ጀመርኩና ሁለቱም ጊዜ ቀልድ ሆኖ ወጣ፤ እሱም ሳቀ። በመጨረሻ የድንጋይ ምልክት የምናደርግበትን ጠመኔ አነሳሁና፣ እየጠረብነው ባለው ድንጋይ ፊት ላይ «ኮቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ወረድ አድርጌ «አውቄ» ብዬ ጨመርኩ።

አነበበው። ከዚያ ዞር ዞር ብሎ አየ።

«ማነው የጻፈልህ?» አለኝ።

«እዚህ ከእኔና ካንተ ሌላ ማን አለ?»

እንደገና ድንጋዩን አየ። ጠመኔዬን አየ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከአምና ነሐሴ።»

«ባሏ የሞተባት ሴትስ?»

«ሴኞሪታ ኤርሚንዳ ናት። ባል አግብታ አታውቅም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተስ ለምን መዝገብ ቤት ሄደህ አልጠየቅክም? ጣት ይበቃ ነበር፣ ሩፊኖ። መጽሐፉ ላይ አለ። ኦስማር አሥር ቀን ሳይሞላው አገኘው።»

ሩፊኖ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። «የኔሊዳ ቤተ ሰብ ሁሉ ይመጣሉ» አለ። «አጎቷ መምህር ነው። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጣትህን ቀለም ውስጥ ስትነክር እንዳታፍር ብዬ ነው።»

«ማን እንዳያፍር?» አልኩት። «እኔ ወይስ አንተ?»

 መዶሻውን አንስቶ ሄደ። ስድስት ቀን አልተነጋገርንም፤ በሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ ሆነን አናውቅም። በሰባተኛው ቀን መጣና አጠገቤ ቆሞ «እኔ ነኝ» አለ።  ማቴ ቀዳሁለት። ጠጣ።

እዚያ ላይ «በል አሁን ምስክር ሁነኝ» ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሊለኝም አፉን ከፍቶ ነበር፤ አውቀዋለሁ። ቀደምኩት። «ምስክርህ ኦስማር ነው» አልኩት። «እኔ የኦስማር እጅ ነኝ። እሱ ጠይቆኛል።» ሩፊኖ ዓይኑን ጨፈነ። ፍንጣሪ አልነበረም በዚያን ጊዜ።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው፦ እሺ። እፈርምልሃለሁ። ቅናቱ ግን የለቀቀኝ እንዳይመስልህ፤ መዝገቡ ላይ ስምህ ከላይ፣ ስሜ ከሥር መሆኑን አስቤዋለሁ። አምስት ጊዜ ያህል አስቤዋለሁ። ዛሬም ጠዋት አሰብኩት። ፎቶህም አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። ሳልፍ ጆሮህን አየዋለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ፤ በዚህ ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ በመላው አርጀንቲና የለም። ሃያ ዓመት ጣቴን አሳርፌያለሁ፤ ደመወዝ ላይ፣ ኪራይ ላይ፣ የእናቴ ሞት ወረቀት ላይ። አንተ ግን አዲስ ነህና ስማኝ። ቀለሙን ብዙ አትንካ፤ ብዙ ከሆነ ጥቁር ድንች ይወጣልሃል እንጂ ጣት አይወጣም። አትጫነው። ከአንድ ጎን ጀምረህ ወደ ሌላው ቀስ አድርገህ አንከባለው፤ ከዚያ ወደ ላይ አንሳው፣ ወደ ጎን አትጎትተው። ቀለሙ ሦስት ቀን አይለቅም። ኔሊዳን ስታቅፍ ከነጩ ቀሚስ አርቀው።

የመጨረሻውን ደግሞ በደንብ ያዝ። ጸሐፊዎች ሁሉ አንድ ናቸው፤ ጣትህን እንደምታሳርፍ ሲያውቁ የእጅህን አንጓ እንደ ዶሮ እግር ለቀም አድርገው ይዘው እነሱ ያሳርፉታል። እንዳትፈቅድ። እጅህን ሰብስብና «ተወው፣ ራሴ አሳርፋለሁ» በለው። ጮክ ብለህ በለው፣ የኔሊዳ አጎት እንዲሰማ።

እኔ አንድም ቀን ብዬው አላውቅም።

ሴሌዶኒዮ